የዐውደ ዓመት ዶሮ በዕዳ ወረቀት ላይ

መስከረም 1 ቀን ጠዋት ቅዳሴው ሲያበቃ በየአጥቢያው ባሕረ ሐሳብ ይታወጃል። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደ ሆነ፣ መጥቅዑና አበቅቴው ስንት እንደ ወጣ፣ ጾመ ነነዌ በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውል ለምእመናን ይነገራል። ከምእመናኑ ጥቂቱ በወረቀት ይይዘዋል፤ የሚበዛው ግን ልቡ ጠላው ተጠምቆ ወደሚጠብቅበት ቤቱ ስለሚሄድ እምብዛም አያዳምጠውም። እኛም ይህን አዋጅ ለብዙ ዓመታት ስንሰማውና ስናሰማው ስንኖር ዕዳን ከመክፈል ጋር አንዳች ግንኙነት ይኖረዋል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ያስተማረችን አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ናት። ትምህርቱንም ያገኘነው በመጀመሪያ እኛው ራሳችን በሰጠነው ክፉ ምክር ምክንያት ስለ ሆነ፣ በዚህ የበዓል ሰሞን፣ ብዙ ቤት ኪሱን በሚዳብስበት ወቅት፣ ለአንባብያን ብናካፍለው ይጠቅም ይሆናል ብለን አሰብን።

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ባልየው በአንድ የግል ፋብሪካ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲሆን ግብርና ጡረታ ተቀንሶ በእጁ የሚገባው 5,400 ብር ነበር። ሚስቲቱ በሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች፤ የጤፉና የመብራቱ ወጪ ሲነሣ በወር እስከ 3,200 ብር ይተርፋታል። ሦስት ልጆች አሏቸው። የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ስለ ሆነ ኪራዩ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሚስቲቱ ታመመች፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ዕዳውም በዚያ በር ገባ። ባልየው ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበደረ፤ ዋስ የሆኑለት በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጡረታ የተቃረበላቸው የሥራ ባልደረባው ናቸው። የሚስቲቱ አጎት 6,000 ብር ያለ ወለድ ሰጡ። የሰፈሩ ሱቅ ዱቤ 6,300 ብር ደረሰ። የዕቁቡ ዳኛም የሕመሙን ነገር ሰምተው ዕጣው ሳይደርሰው ቀድሞ እንዲወስድ አደረጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን እንደ ዕድል ይቆጥረዋል እንጂ እንደ ብድር አይቆጥረውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚጥለው ሁሉ የሰው ገንዘብ መመለስ ነው። ወንድማችንም ዕዳውን ሲነግረን ዕቁቡን አላነሣውም ነበር፤ ጠይቀን ነው ያወጣነው። ገና ስድስት ወር፣ በየወሩ 600 ብር ይቀረዋል። በማኅበሩ ያለው ቀሪ ዕዳ ወለዱ ሳይታሰብ 27,000 ብር ነበር።

ሰኔ ላይ ማኅበሩ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ባልየውም አበዳሪዎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያነጋግሩለት ሦስት ሽማግሎች ለመነ፤ ከሦስቱ አንዱ እኛ ነበርን። በቤቱ በተሰበሰብንበት ማታ ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አነበበልን። ገቢ 8,600 ብር፤ ወጪ 4,600 ብር፤ ለዕዳ 4,000 ብር። ወጪው ላይ ቡና የለም፤ ስኳር የለም፤ ልብስ የለም። ለሰንበቴና ለዕድር የተጻፈ የለም። ሰሜን ሸዋ ላሉት እናቱ ይልክ የነበረው 300 ብር ተሰርዟል። የምግቡ ወጪ የተተመነው በሰኔ ጾም ገበታ ነው፤ ሽሮና ጎመን ዓመቱን ሙሉ እንዲዘልቅ ተደርጎ ተጽፏል። ከሽማግሎቹ አንዱ ወረቀቱን እያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኛ ደግሞ ራስን መግዛት ማለት ይህ ነው ብለን አመሰገንነው፤ ጾምም መሰለን። ይባስ ብለንም ከሁለቱ ምጣድ አንዱ ቢሸጥ የሱቁ ዕዳ ይቃለላል የሚል ምክር አከልንበት። ምጣዱ በ1,800 ብር ተሸጠ፤ የሱቁ ዕዳም ወደ 4,500 ብር ወረደ። በወረቀቱ ላይ የሚስቲቱ ገቢ ግን እንደ ቀድሞው 3,200 ብር እንደ ሆነ ቀረ። ከሦስት ሽማግሎች አንዳችን እንኳ ይህን አላስተዋልንም።

ሚስቲቱ በዚያች ማታ ወዴት ነበረች ቢባል ጓዳ ነበረች። በወረቀቱ ላይ የሌለውን ቡና ለእኛ እያፈላች ነበር። እኛም ጠጥተን፣ አመስግነን፣ መርቀን ወጣን።

አበዳሪዎቹ ወረቀቱን ሲያዩ በአንድ ቀን ተስማሙ። ለማኅበሩ በወር 2,250፣ ለሱቁ 750፣ ለዕቁቡ 600፣ ለአጎት 400 ብር። በአንድ ዓመት ገደማ ትልቁ ዕዳ ያልቃል ተባለ። ባልየው የሐምሌን ከፈለ። የነሐሴንም ከፈለ፤ ፍልሰታ ረዳው። ቀጥሎ ጳጉሜን መጣች። ደመወዝተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ደመወዙ 12 ሲሆን ወሩ 13 ነው፤ የጳጉሜን ቀኖች ይበሉባቸዋል እንጂ አይከፈልባቸውም። ከጳጉሜን ቀጥሎ ዕንቁጣጣሽ፣ ከዕንቁጣጣሽ ቀጥሎ የልጆቹ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ከዚያ መስቀል። በመስከረም ለማኅበሩ ምንም አልተከፈለም። በጥቅምትም አልተከፈለም። በጥቅምት መጨረሻ ከዋሱ ደመወዝ ላይ 1,500 ብር ተቆረጠ። እኒያ ሰው ለወንድማችን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ ሰላምታቸውን ብቻ አሳጠሩ። እርሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ግቢ መንገድ እየለወጠ ይሄድ ጀመር።

እንደገና ስንጠራ የሄድነው ልንገሥጸው ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ቃል የገባ ሰው እንዴት ቃሉን ያጥፋል የሚል ነገር በልባችን ይዘን ገባን። በዚያን ጊዜ ግን ሚስቲቱ ጓዳ አልገባችም፤ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። እጇ ላይ የልጅ ደብተር ነበር። ካልተጠየቀች የማትናገር ሰው ናትና እንድትናገር እኛው ለመንናት። ያን ጊዜ የሰማነው ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ባሏ ቃሉን እንዲጠብቅ ስትል፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በየወሩ ትወስደው የነበረውን የ250 ብር መድኃኒት ሦስት ወር አልገዛችም። ለማንም አልነገረችም። በሱቁም በኩል ባሏ የድሮውን ዱቤ ሲከፍል እርሷ በልጆቹ እጅ አዲስ ዱቤ ታስወስድ ነበር፤ 1,500 ብር ተከፍሎ 2,900 ብር ተጨምሯል። የሱቁ ዕዳ 5,900 ብር ሆኗል። ያልተጻፈው ወጪ አልቀረም፤ የተጻፈው ክፍያ ባዶ ያደረገውን መሶብ በሌላ ዕዳ መሙላት ነበር። እኛ ጾም ያልነው ነገር በሴቲቱ ሥጋ ላይ ይከፈል የነበረ ዕዳ ሆኖ ተገኘ።

ደብተሩን ተቀብለን አየነው። ጥቅምትን ሙሉ ከቤቱ የወጣውን ሁሉ፣ ሳንቲሟን ሳይቀር፣ ትልቋ ልጃቸው በእናትዋ አንደበት ጽፋዋለች። ከሰል፣ ክብሪት፣ የሚስማር፣ ጧፍ፣ ለልቅሶ የተወሰደ፣ ታናሹ ልጅ የጣለው እርሳስ ምትክ። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ጽሑፍ ከቶ በእጃችን ገብቶ አያውቅም ብንል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ሌሊት፣ ባልና ሚስት ባሉበት፣ አዲስ ወረቀት ተጻፈ።

ገቢው ከዝቅተኛው ወር ተነሣ። የሚስቲቱ የሦስት ወር ገቢ ተጠይቆ ትንሹ 2,400 ብር ስለ ነበር እርሱ ብቻ ተያዘ፤ ጠቅላላው 7,800 ብር ሆነ። በወጪው በኩል ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ቡናውና ስኳሩ ተደምሮ 3,200 ብር፤ ለመብራት፣ ለውኃና ለከሰል 450፤ ለትራንስፖርት 500፤ ለልጆቹ ትምህርት 250፤ ለመድኃኒት 250፤ ለሳሙናና ለልዩ ልዩ ጥቃቅን 250፤ ለእናቱ 300፤ ለዕድርና ለሰንበቴ 150፤ ለስልክ 100፤ ለድንገተኛ ነገር 100 ብር። ከዚህ በኋላ ሚስቲቱ የዓመቱን ነገር አነሣች። ዐውደ ዓመት በድንገት አይመጣም አለች፤ በመስከረም ታውጁት የለም ወይ? ስትል ወደ እኛ ተመለከተች። ባሕረ ሐሳብን ከዕዳ ጋር ያገናኘንላት እኛ ሳንሆን ለእኛ ያገናኘችልን እርሷ ናት የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ለዕንቁጣጣሽና ለመስቀል 2,000፣ ለገናና ለጥምቀት 2,000፣ ለፋሲካ 2,500፣ ለትምህርት መጀመሪያ 1,500፣ ደመወዝ ለሌላት ለጳጉሜን 1,000 ብር ተመደበ። ድምሩ 9,000 ብር ነው፤ ለ12 ደመወዝ ሲካፈል በየወሩ 750 ብር ይሆናል።

የወሩ ወጪ 6,300 ብር ሆኖ ወጣ። ከ7,800 ብር ሲቀነስ ለዕዳ የሚተርፈው 1,500 ብር ብቻ ነው። እኛ በሰኔ ያስፈረምነው 4,000 ብር ነበር። በየወሩ 2,500 ብር፣ በቤቱ ውስጥ ያልነበረ ገንዘብ፣ በሽማግሌ ፊት ቃል አስገብተነው ነበር ማለት ነው። ተስማሙ ብለን በደስታ የተመለስንበት ያ ቀን ሐሰት የተመሰከረበት ቀን ነበር፤ ምስክሮቹም እኛ ነበርን።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የተጻፈውን የመበለቲቱን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምረነዋል። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ሊወስድ በመጣባት ጊዜ ነቢዩ ኤልሳዕ ዘይቱን ሽጣ ዕዳዋን እንድትከፍል ነገራት፤ ነገር ግን በዚያ አላበቃም፤ በቀረው እርሷና ልጆቿ እንዲኖሩ ጨመረ። መክፈሉና መኖሩ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ናቸው። እኛ ስናስተምር የማሰሮዎቹን መሙላት እያደነቅን የመጨረሻዋን ቃል እናልፋት ነበር። ስለ ምጣዱም ቢሆን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 አበዳሪ የተበዳሪውን ወፍጮና መጅ በመያዣ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ወፍጮ የሌለው ቤት የሚበላውም የሚከፍልበትም የለውምና። አበዳሪው እንኳ ያልጠየቀውን ወፍጮ አሽጡ ያልነው እኛ ነን።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ከእኛ የተሻለ አስተዋይ ሆኖ አግኝተነዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በፍርድ የተሸነፈ ባለዕዳ እንኳ የሚለብሰው ልብስ፣ የሚያበስልበት ዕቃ፣ የሚተኛበት አልጋና የሚሠራበት መሣሪያ እንዳይያዝበት ይከላከላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ወንድማችን በእጁ ከሚገባው 5,400 ብር ሲሶው 1,800 ብር ነው፤ እኛ ለማኅበሩ ብቻ 2,250 ብር አስፈረምነው። ቀጣሪው በሕግ ሊቆርጥበት የማይችለውን ያህል ሽማግሎች በምክር ቆረጥንበት።

አዲሱን ወረቀት ለማኅበሩ ኮሚቴ ያቀረብነው በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሚስቲቱ አብራን እንድትገባ ያልነው እኛ ነን፤ ባልየው ጥቂት አንገራግሮ ነበር። በጠባቧ ክፍል አምስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡና የዓመት በዓሉ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው? ዶሮ ነው?» አሉ። «ዕዳ ያለበት ሰው ዶሮ ይበላል?»

ባልየው አንገቱን ደፋ። እኛም የምንመልሰው ጠፍቶን ጉሮሯችንን ስንጠርግ ሚስቲቱ ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ባልጽፈው አልበላውም ማለት አይደለም» አለች። «የጎረቤቱ ወጥ ሲሸት ልጆቼን በር ዘግቼ አላሳድራቸውም። ባልጽፈው ከሱቅ በዱቤ እወስደዋለሁ፤ በሚቀጥለው ወር የሱቁን ስከፍል የናንተን እዘላለሁ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ያደረግሁት እንደዚያ ነው። በግ አልጻፍሁም፤ ቅርጫም አልጻፍሁም። አንድ ዶሮ ነው የጻፍሁት። እሱን ከፈቀዱልኝ ይችን አምስት መቶ ብር በየወሩ በእጄ አመጣታለሁ።»

ክፍሉ ዝም አለ። የገንዘብ ያዡ፣ በዕድሜ ወጣት የሆነ ሰው፣ ወረቀቱን ከሰብሳቢው ተቀብሎ ድምሩን እንደገና ደመረው። ልክ ነው አለ። ከዚያ በኋላ የተከራከሩት ስለ ዶሮው ሳይሆን ስለ ጊዜው ነበር፤ 1,500 ብር ለአራት ሲካፈል ዓመት ከምን ይደርሳል የሚል። ክርክሩ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ማኅበሩ ዕቁቡ እስኪያልቅ ለሁለት ወር በ500 ብር ሊታገሥ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ክፍያው ሊያድግ ተስማማ። ከሁሉ በፊት ለዋሱ በወር 400 ብር እንዲጀመር ሚስቲቱ አጥብቃ ጠየቀች፤ ሕግ አያስገድድም ሲሏት፣ እሳቸው ዕዳው ሳይኖርባቸው የከፈሉ ብቸኛ ሰው ናቸው አለች። አጎቷ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁንልኝ አሉ። ባለሱቁ እስከ የካቲት ሊጠብቅ ፈቀደ፤ ሁኔታው ግን ከእንግዲህ አዲስ ዱቤ እንዳይኖር፣ በጥሬ ገንዘብም ቢሆን ከእርሱ እንዲገዙ ነበር። ሊቀበሉት የሚገባ ሁኔታ ነው።

ለአራቱም የተሰጠው አንድ ዓይነት ወረቀት መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ባለዕዳ ለእያንዳንዱ አበዳሪ የተለያየ ተስፋ የሚሰጥበት ልማድ አለ፤ ለሱቁ አንድ፣ ለዕቁቡ ሌላ፣ ለዘመድ ደግሞ ማልቀስ። ወረቀቱ አንድ ሲሆን ግን አንዱ አበዳሪ ሌላው ስንት እንደሚያገኝ ያያል፤ ስለዚህም ከእኔ ተደብቆ ለእገሌ ይከፍላል የሚል ጥርጣሬ ይቀራል። በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ የኑሮ ዋጋ ቢለወጥ በስድስት ወር አንድ ጊዜ እንደገና ተቀምጠው እንዲያዩት ተጻፈ። ይህች መስመር በኋላ ብዙ ሠራች።

ይህ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን፣ ዕዳን በስምምነት የመፍታት ሥራ በተደራጀባቸው አገሮች ያለውን አይተናል። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ መሠረት የግለሰቦችን የዕዳ ጉዳይ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል፤ መሥሪያ ቤቱም ባለዕዳው ለአበዳሪዎቹ ከመክፈሉ በፊት ለቤተሰቡ ሊቀርለት የሚገባውን ምክንያታዊ የኑሮ ወጪ የሚያሳይ መመሪያ ያወጣል። በዚያ መመሪያ ውስጥ ከምግብና ከልብስ ሌላ ሰው ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ለመኖር የሚያስፈልገው ወጪ፣ ቁጠባና የድንገተኛ ነገር መጠባበቂያም ተካተዋል። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዕዳ አማካሪዎችና አበዳሪዎች በጋራ የሚሠሩበት አንድ ወጥ የገቢና የወጪ ቅጽ አለ፤ ባለዕዳም ቢሆን ጥቂት የሚቆጥብበት መስመር ተሰጥቶታል። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ለአማካሪው የማይነግሩት አንድ ወጪ አላቸው፤ ወደ አገር ቤት የሚልኩት ገንዘብ ነው። እናቱን የሚጦር ሰው መላኩን አያቆምምና ደብቆ ከሚልክ ተናግሮ ቢከራከርበት ይሻላል እንላለን። እኛ ዶሮ ስንል እነርሱ ጋ ስሙ ሌላ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

የአዲሱ ወረቀት መንገድ ለጥ ያለ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ ከወር ወር ሲጨምር በየጊዜው ለምግብ የተመደበው አልበቃ አለ። የስድስት ወሯ መስመር ባትኖር ኖሮ ወደ ዱቤው መመለሳቸው አይቀርም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው አሻሽለውታል፤ በአንደኛው ጊዜ ክፍያው ለአራት ወር ቀንሷል። ሚስቲቱ ከ2,400 ብር በላይ ባገኘችበት ወር ትርፉ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ እኩሌታው ለማኅበሩ፣ እኩሌታው በቆርቆሮ ሣጥን። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከሣጥኑ ሁለተኛ ምጣድ ተገዛ። እኛም ከዋጋው ጥቂት እንድናግዝ ስንለምናት እምቢ አላለችም፤ በእኛ ምክር የተሸጠ ምጣድ ነበርና ዕዳችን ነው አልናት፤ ሣቀች።

የዋሱ ገንዘብ በጥር 2014 አለቀ። የማኅበሩ ዕዳ በጥቅምት 2016 ተዘጋ፤ በመጀመሪያው ወረቀት አንድ ዓመት የተባለው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ፈጀ። የአጎት ዕዳ በዚያው ዓመት ለፋሲካ ተከፍሎ ተፈጸመ። አጎትየው የመጨረሻዋን መቶ ብር ተቀብለው ለልጆቹ መልሰው እንደ ሰጧቸው ሰምተናል።

ከላይ የጠቀስናቸው ቁጥሮች የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ናቸው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧልና ዛሬ ወረቀት የሚጽፍ ቤት ከእኛ ቁጥር መቅዳት የለበትም፤ የራሱን ደብተር አንድ ወር ይጻፍ። ከዱቤውና ከዕቁቡ ጋር ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በቴሌብር የሚገኘውን ትንንሽ የስልክ ብድር መጻፍ አይርሳ። ማንም ሳያይ የሚወሰድ ስለ ሆነ በጣም በቀላሉ የሚረሳው እርሱ ነው፤ ባል ከሚስት፣ ሚስትም ከባል የምትደብቀው እርሱ ነው። ወረቀቱ በአንድ ሰው ብቻ አይጻፍ የምንለው ለዚህም ጭምር ነው።

እናታችን ያቺን ደብተር አልጣለቻትም። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲበተን እርሷ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ትጠብቀናለች። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀን ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም አልፎ እንደማይውል ከነገርናት ቆየ። በመጋቢት መጨረሻ ከዋለ ለፋሲካው የምታጠራቅምበት ስድስት ደመወዝ ብቻ ነው፤ በሚያዝያ መጨረሻ ከዋለ ግን ሰባት ይሆንላታል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀን ስለ አበቅቴው አይደለም።

«አባቴ፣ ዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነው?» ትለናለች። እንነግራታለን። እርሷም በጣቷ ትቆጥርና ልጇን «ጻፊው» ትላታለች።